እንጨት ላይ የተጻፈ ክረምት

ከመስኮቴ ፊት የቆሙት እናት የልደት ቀናቸውን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። የሒሳብ መክፈቻው ቅጽ ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩም ሦስቱ ሳይሟሉ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም።

«ልጄ፣ እኔ ምኑን አውቄው! ብቻ ከወንድሜ በሁለት ክረምት እበልጣለሁ።»

«ወንድምዎስ መቼ ተወለዱ?»

«እሱማ የጃንሆይ ኢዮቤልዩ የተከበረ ጊዜ ነው። አገሩ ሁሉ በዓል ሲያይ እናታችን አራስ ቤት ነበረች፤ ሁልጊዜ ታነሣው ነበር።»

የብር ኢዮቤልዩው በዓል በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው የዋለው። ሁለት ክረምት ወደ ኋላ ቆጥሬ 1946 ብዬ ጻፍኩ። ቀንና ወሩን እንደ ሌሎቹ ሁሉ መስከረም 1 አልኩት። (የእኛ መዝገብ ቢታመን የአገራችን አረጋውያን እኩሌታ በዕንቁጣጣሽ የተወለዱ ናቸው።) እናትየዋ ደብተራቸውን ተቀብለው ሄዱ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያች «ሁለት ክረምት» ከጆሮዬ አልወጣችም፤ በዚያው ሰሞን ማታ ማታ የማነበው ነገር ሁሉ ስለዚሁ ነበርና። የማነበው የጥንት ሕንፃዎችን ዕድሜ ከእንጨታቸው ቀለበት ስለሚያሰሉ ሰዎች ነው። ወደዚህ ንባብ ያገባኝ ቤቴ ውስጥ ያለ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉማጅ እንጨት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ዛፍ በየዓመቱ በልጡ ሥር አንድ ንብርብር እንጨት ይጨምራል። ዝናብ በጠገበ ዓመት ንብርብሩ ይወፍራል፤ በድርቅ ዓመት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ግንዱ ሲቆረጥ ንብርብሮቹ ቀለበት ሆነው ይታያሉ። ይህን ያህሉን እንጨት የፈለጠ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጉዳዩ በመቁጠር የሚያበቃ ይመስለዋል። አያበቃም። መቁጠር ዛፉ ስንት ዓመት እንደ ኖረ እንጂ መቼ እንደ ኖረ አይነግረንም። ዘመኑን የሚናገረው የቀለበቶቹ አሰላለፍ ነው፤ ሁለት ወፍራም፣ አንድ ቀጭን፣ አራት መካከለኛ፣ እንደገና ሦስት ከማየት የሚያመልጡ ቀጫጭን። በአንድ አገር የበቀሉ ዛፎች ያንኑ ዝናብ ጠጥተዋል፤ ያንኑ ድርቅ ተጠምተዋል። ስለዚህ አሰላለፋቸው እንደ አንድ ሰው ፊርማ ይመሳሰላል፤ አሥርና ሃያ ዓመት ብቻ ሲታይ ሊያሳስት ይችላል፣ መቶ ዓመት ሲሆን ግን አስመስሎ መፈረም አይቻልም።

ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ የመጨረሻ ቀለበቱ የዘንድሮ ነው። ከእርሱ ወደ ውስጥ እየቆጠሩ ሁለት መቶ ዓመት ቢሄዱ፣ የልጅነት ቀለበቶቹ ከአንድ አሮጌ ቤት ወራጅ የሽምግልና ቀለበቶች ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ። ከገጠሙ የወራጁም ዘመን ታወቀ። የወራጁ የልጅነት ቀለበቶች ደግሞ ከሌላ፣ ከዚያ ከሚበልጥ ግንድ ጋር ይገጥማሉ። እኛ በባንክ ይህን ሒሳብ ማስታረቅ እንለዋለን፤ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ የጻፈውን ሌላውም እንደ ጻፈው ማረጋገጥ። እኒያ እናትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የራሳቸውን ክረምቶች ከወንድማቸው ክረምቶች ጋር አስታረቁ፤ የወንድማቸውን ከጃንሆይ በዓል ጋር አስተሳሰሩ።

ይህን ጥበብ ሳይንስ አድርጎ ያቆመው ሰው እንጨት የማይመለከተው የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። አንድሩ ኤሊኮት ዳግላስ ይባላል። በአሪዞና ፍላግስታፍ ከተማ፣ በባለጸጋው ፐርሲቫል ሎዌል የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሎዌል በማርስ ላይ አስተዋይ ፍጥረታት የቆፈሯቸው ቦዮች አሉ ብሎ በጽኑ ያምናል። ዳግላስ ተጠራጠረ፤ መጠራጠሩንም አልደበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ከሥራው ተባረረ። የጌታውን ቦይ ባለማየቱ እንጀራውን ያጣው ይህ ሰው በዚያው ዘመን ዓይኑን ከሰማይ ወደ ጉቶ መለሰ። ዓላማው አሁንም ፀሐይ ነበረች። በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች በ11 ዓመት ገደማ ይበዛሉ፣ ያንሳሉ፤ ይህ ዙር የምድርን ዝናብ የሚነካ ከሆነ በዛፍ ቀለበት ላይ መገኘት አለበት ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1904 አንድ አሮጌ ጉቶ አይቶ፣ የቀለበቶቹን አሰላለፍ ከሌሎች ጋር አስተያይቶ፣ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ለባለ መሬቱ ነገረው። ባለ መሬቱም እውነት ነው አለ። ያን ጊዜ የባለ መሬቱ ፊት ምን ይመስል እንደ ነበር ባየሁ እላለሁ።

በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ታላላቅ የድንጋይ መንደሮች አሉ። ከሁሉ የሚደነቀው በቻኮ ሸለቆ ያለው ፑዌብሎ ቦኒቶ ነው፤ ከ600 የሚበልጡ ክፍሎች አሉት። ጣሪያቸውን የተሸከሙት ግንዶች ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቁ ተራሮች በሰው ትከሻ የመጡ ናቸው፤ የጋማ ከብትም መንኰራኩርም አልነበረምና። እነዚህን መንደሮች የሠሩት የዛሬዎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች አያቶች እንደ ሆኑ ይታወቃል፤ መቼ እንደ ሠሯቸው ግን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም ነበር። ከኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጽፈው እንጨቱን መርምርልን አሉት። መረመረ። አዝቴክ በሚባለው ፍርስራሽ ያሉት ግንዶች ከፑዌብሎ ቦኒቶዎቹ 40 ዓመት ገደማ ዘግይተው የተቆረጡ ሆነው አገኛቸው። ከመቼ 40 ዓመት? አይታወቅም። «ከወንድሜ በሁለት ክረምት እበልጣለሁ» ማለት ይኸው ነው፤ ወንድምዬው መቼ እንደ ተወለደ የሚያውቅ ጠፋ እንጂ።

ዳግላስ ለዓመታት ሁለት ሰንሰለቶችን ሲያስረዝም ኖረ። አንደኛው ከቆሙት ዛፎች ተነሥቶ ወደ ኋላ እስከ 13ኛው ምእት ዓመት ይደርሳል። ሁለተኛው ከፍርስራሾቹ የተገኘ የ585 ዓመት ሰንሰለት ነው፤ ቀለበቱ ሁሉ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም ግን ከየትኛው ዓመት እንደሚውል አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ሊቃውንቱ «ተንሳፋፊ» ይሉታል። እኛ በሒሳብ ክፍል ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ የምናሳርፍበትን ተንጠልጣይ ሒሳብ እንለዋለን። ከእርሱ የሚበልጥ የሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ነገር የለም።

ክፍተቱን ለመሙላት በናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ድጋፍ ሦስት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1923፣ በ1928 እና በ1929 እንጨት ፍለጋ ተዘመተ። በጥንታዊቷ የሆፒዎች መንደር በኦራይቢ ሰዎቹ ከሚኖሩባቸው ቤቶች ጣሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና ሲወስዱ፣ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ቱርኩዝ የሚባለውን አረንጓዴ ሰማያዊ ዕንቁ ቁራጭ ያኖሩ ነበር፤ የእንጨቱ መንፈስ እንዳይቆጣ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ቤት ተሸክሞ ከቆመ እንጨት ላይ ክር የምታህል ስትወሰድ እንኳ ካሳ ይገባል ብለዋል ሆፒዎች። እኛ ስንቱን ሙሉ ጣሪያ ያለ ካሳ አፍርሰናል፤ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሰኔ ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1929፣ ሾው ሎው በምትባል የአሪዞና መንደር ሁለት ወጣቶች፣ ሊንደን ሃርግሬቭና ኤሚል ሃውሪ፣ ከአፈር ውስጥ አንድ የከሰለ ግንድ አገኙ። ኤች ኤች 39 የሚል ቁጥር ተሰጠው። እሳት ለእንጨት ጠላት ይመስለናል፤ የከሰለ እንጨት ግን ምስጥም ብስባሴም አይነካውም፣ ቀለበቱ እንዳለ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ከሰል ሲነኩት እንዳይፈርስ በጥጥ ሲባጎ ይጠመጥሙታል፤ ሰም ያጠጡታል። (ሰሙ ወርቁን እንዲይዝ የተደረገበት ሌላ አገርም አለ ማለት ነው።) በዚያው ምሽት በመንደሩ ሆቴል፣ በመብራት ሥር፣ ዳግላስ ከሰሉን ከያዘው መዝገብ ጋር ያስተያይ ጀመር። ውጫዊው ቀለበት በ1380 ላይ ዋለ። ወደ ውስጥ ገባ፤ 1300፣ 1275፣ 1250 እያለ፤ እስከ 1237 ደረሰ። ግንዱ በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል እንደ ድልድይ ተጋደመ።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የነካኝን ልናገር። ለካስ ክፍተት አልነበረም። ሁለቱ ሰንሰለቶች ቀድሞውኑ በጥቂት ዓመታት ይደራረቡ ነበር። ግን የተደራረቡበት ዘመን፣ ከ1276 እስከ 1299 ምድሩን ያቃጠለው ታላቁ ድርቅ ያረፈበት ነው። በዚያ ዘመን ዛፎቹ ከመሞት ብቻ ነበር የተረፉት፤ ቀለበታቸው ጠፍ ነው፣ ናሙናውም ጥቂት። ዳግላስ ይገጥማል ብሎ መገመት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ባልተረጋገጠ ላይ አልፈርምም አለ። እኔ በሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ያልገጠመ ሒሳብ በግድ አግጥሜ ማታ ቤቴ የሄድኩበት ቀን አለ፤ በማግሥቱ ጠዋት አለቃዬ ሳይጠይቀኝ በፊት ራሴ ነገርኩት እንጂ። ያች አንድ ሌሊት ረጅም ነበረች። ይህ ሰው ግን ያልተዘጋ መዝገብ ይዞ ለዓመታት ተኝቶ ተነሥቷል።

በዚያች ምሽት የፍርስራሾቹ ሁሉ ዘመን በአንድ ጊዜ ታወቀ። ፑዌብሎ ቦኒቶ ከ9ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ እስከ 12ኛው መጀመሪያ የተገነባ መሆኑን ዛሬ የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። የእነርሱን ዓመት በእነርሱ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይታገሠኝ፤ ዛፉ ራሱ ግን የፈረንጅንም የእኛንም አቆጣጠር አያውቅም፣ ክረምቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቀለበት የሚነግረን ዛፉ የሞተበትን እንጂ ቤቱ የታነፀበትን ዓመት እንዳይደለ መዘንጋት አይገባም። ግንድ ተቆርጦ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ከፈረሰ ቤት ተነቅሎ ለሌላ ቤት ሊውል ይችላል። አናጢው ልጡንና ከልጡ ሥር ያለውን ለስላሳ እንጨት ጠርቦ ከጣለው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሰጋቱራው ጋር ሄዱ። በለንደን ዌስትሚንስተር ገዳም ያለ አንድ የባሉጥ በር ከ924 እስከ 1030 ያሉትን ቀለበቶች ይዟል፤ ዛፉ የተቆረጠው ግን ከ1032 እስከ 1064 ባለው ጊዜ ነው ከማለት በቀር እቅጩን መናገር አልተቻለም፤ ልጡ የለምና። እንጨት የሰውን ቃል የሚያፈርስበትም ጊዜ አለ። በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በእብነ በረድ አዳራሽ ውስጥ ታጥሮ የተቀመጠች አንዲት የግንድ ጎጆ አለች። አብርሃም ሊንከን የተወለደባት ናት እየተባለች ሕዝብ ሲሳለማት ኖረ። እርሱ የተወለደው በ1809 ነው። ግንዶቿ በ2004 ሲመረመሩ ከሁሉ የሚበልጠው የተቆረጠው በ1848 ሆኖ ተገኘ። ጎጆዋ አልፈረሰችም፤ ምሳሌ ናት ተብላ በቦታዋ ቆማለች። እንዲህ ያለውን እውነት መሸከም የእኛ ሰበካ ይችል ይሆን ብዬ አስቤያለሁ።

እኛም የእንጨት አገር ነን። በድንጋይ የምንታወቅ ሆነን እንጂ ድንጋዩ ራሱ የእንጨት ተማሪ ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተጠረቡት ክብ ክብ ጕብታዎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ፤ በጥንቱ ግንብ ውስጥ ከሚጋደሙት እንጨቶች ወደ ውጭ የሚወጡት ጫፎች ምስል ናቸው። እውነተኛዎቹን ማየት የሚሻ በገመድ ተስቦ ወደ ደብረ ዳሞ ይወጣል፤ ወይም ላስታ ወርዶ በዋሻ ውስጥ የቆመውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያያል፤ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበትን ግድግዳ። እነዚያ እንጨቶች ክረምት ጽፈዋል።

ጽሕፈታቸውን ማንበብ ግን እንደ አሪዞና ቀላል አይደለም። የእኛ ዛፍ በረዶ አያውቅም፤ የሚያርፈው በበጋ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ጽድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል። ዝናቡ መሐል ላይ ቢቋረጥ ሐሰተኛ ቀለበት ይሠራል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ በአንድ ጎኑ ጽፎ በሌላው ጎኑ ሊዘል ይችላል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ ከአገራችን ደኖች የጽድ ናሙና ወስደው አጥንተዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ቀለበቱ ከዝናቡ ጋር እንደሚሄድና ዛፍ ከዛፍ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። ካርቦን 14 የሚባለውም ምርመራ ያግዛል፤ ግምቱ በአሥርተ ዓመታት የሚሰፋ ነው እንጂ። እርሱም ቢሆን ልኩ የሚታረመው በዛፍ ቀለበት ነው። እንግዲህ ከቆመው ጽድ ተነሥቶ ወደ ጥንቱ ወራጅ ለመድረስ የመሐሉ መዝገብ ያስፈልጋል። የመሐሉ መዝገብ ያለው የትም አይደለም፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት ባስቆጠሩ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ሥር ነው።

አባቴ በተወለደበት የሰሜን ሸዋ ቀበሌ አንድ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ክብ፣ ቀድሞ ሣር ክዳን፣ ኋላ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከውስጥ ግን ወራጁም ማገሩም ምሰሶውም የጥንቱ ጽድ። የተተከለበትን ዘመን ሽማግሎቹ አይስማሙበትም። እኩሌቶቹ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይላሉ፤ እኩሌቶቹ በዳግማዊ ምኒልክ። በ2007 ዓ.ም. ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ተሠራ። የአሠሪ ኮሚቴውን የባንክ ሒሳብ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ከከተማ ልጆች ገንዘብ አሰባስቤያለሁ። በምረቃው ዕለትም ግጥም አንብቤያለሁ፤ አሮጌው አለፈ፣ አዲሱ ገባ የሚል። ሰው አጨበጨበልኝ። ያን ጊዜ አሮጌዎቹ ወራጆች ከአጥሩ ጀርባ ተከምረው ነበር። ለሲሚንቶ ዕዳ ማሟያ በጨረታ ተሸጡ፤ አብዛኞቹን የገዙት አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። ጽድ እሳቱ ኃይለኛ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን የደብሩ መሪጌታ ጠሩኝ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጉማጅ አወጡ።

«ግጥምህን ሰማሁት» አሉኝ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። እንጨቱን በእጄ አኑረው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ።

ለዓመታት የመጻሕፍት ማስደገፊያ አድርጌው ኖርኩ። በቅርቡ ነው ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የጀመርኩት። ሲሻሻ ክፍሉ በሙሉ ጽድ ጽድ ሸተተ፤ ያን ሁሉ ዘመን ሽታውን ውስጡ ይዞ ተቀምጦ ነበር። በአጉሊ መነጽርና በመርፌ ሦስት ሌሊት ቆጠርኩ። በመጀመሪያው 143፣ በሁለተኛው 139፣ በሦስተኛው እንደገና 143። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ለአባቴም በእኩለ ሌሊት ደወልኩለት። ስልኩን ስዘጋ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። 143 ዓመት ኖረ እንጂ መቼ ኖረ አላልኩም። ከሽማግሎቹም ክርክር አንዱን ወገን አልረታሁም። የእኛ አገር ደግሞ በልግ የሚዘንብበት ነው፤ ከ143ቱ ስንቱ እውነተኛ ክረምት፣ ስንቱ የበልግ ማታለያ እንደ ሆነ እኔ በመርፌ የምለየው አይደለም። በእጄ ያለው ተንጠልጣይ ሒሳብ ነው።

ሦስቱ ጎኖቹ በመጥረቢያ የተጠረቡ ናቸው። በአራተኛው ማዕዘን ላይ ግን የሃምሳ ሳንቲም ስፋት የምታህል ልጥ ቀርታለች፤ አናጢው ሳያያት ያለፈ ይመስለኛል። ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት እዚያች ሥር አለ። እንዳትላቀቅ በጥጥ ፈትል ጠምጥሜያታለሁ።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደውሎ ነበር። ከጨረታው ገዢዎች አንዷ ሁለቱን ወራጆች ሳያነዷቸው ለፍየል በረታቸው ጉበንና መቃን አድርገዋቸዋል አለኝ። ልጥ አላቸው ወይ አልኩት። ሄዶ አይቶ ተመለሰና፣ አንደኛው በጀርባው በኩል እስከ ግማሹ አለው አለኝ። እንዳይጠርቡት፣ ቀለምም እንዳይቀቡት በስልክ ለምኛቸዋለሁ፤ ሴትዮዋ ምን ሆኗል ይህ ልጅ ብለው ስቀውብኛል። ለጥምቀት እወርዳለሁ። ለበረታቸው አዲስ መቃን ከዚሁ ጭኜ እሄዳለሁ።